በትልቅ የፊልም ስቱዲዮ የገጸ ባሕርይ አኒሜተር መሆን፦ ልጄን ምን ብዬ ልምከራት?

የቱሉ ዲምቱ አባት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለተኛዋ ልጄ በቂሊንጦ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ውጤቷ መልካም ነው፤ ነገር ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ ወደ አኒሜሽን አዘንብሏል። እንደ ዲዝኒ ወይም እንደ ፒክሳር ባለ ትልቅ የፊልም ስቱዲዮ ገብታ ገጸ ባሕርያትን የምታንቀሳቅስ ባለሙያ፣ እርሷ እንደምትለው «ካራክተር አኒሜተር»፣ መሆን ትፈልጋለች። ለዚህም ትምህርቷን አቋርጣ ሙሉ ጊዜዋን ለልምምድ እንደምታውል፣ እኔም የብዙ ወራት ደመወዜን የሚበላ ኮምፒዩተር ልገዛላት እንደሚገባኝ በአክብሮት፣ ግን ሳታወላውል ነግራኛለች።

የልጄን ፍላጎት ላከሽፍ አልመጣሁም። የማላውቀውን ሥራ አይሆንም ማለቱም፣ በጭፍን ይሁን ማለቱም ስለከበደኝ ነው ወደ እናንተ የቀረብሁት። ሙያዬ ቁጥር በመሆኑ መጀመሪያ ያደረግሁት ማስላት ነበር። ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል እንደሚያልፍበት ነገረችኝ፤ እንግዲያው የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም 129,600 ምስል አለው ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሥራ ስንት ሰው ይካፈለዋል? ለአንዱ የሚደርሰው ድርሻ ምን ያህል ነው? ጠዋት ቢሮ ገብቶ እስከ ማታ ምን ሲሠራ ይውላል? ቅጥሩስ እንደ እኛ ቋሚ ነው ወይስ ፊልሙ ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ? በዚህ ሙያ ጡረታ እስኪደርስ የኖረ ሰው አለ ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዚህ ከከተማው ዳር ተነሥቶ እዚያ የሚደረስበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የምታውቁ ደስ የሚያሰኘውንም የማያሰኘውንም ሳትሸሽጉ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ከአስኮ እስከ ቫንኩቨር

ጋሼ፣ እንደምን አሉ። ያደግሁት አስኮ ነው፤ አሁን ካናዳ ቫንኩቨር ሆኜ በዚሁ ሙያ እተዳደራለሁ። ጥያቄዎቹ የሚገባቸውን ያህል ለመመለስ ልሞክር።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይለይ፤ ካራክተር አኒሜተር ገጸ ባሕርይውን የሚፈጥረው ሰው አይደለም። ታሪኩን የሚጽፉት፣ ትዕይንቱን በስቶሪቦርድ (ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል በማሳየት) የሚነድፉት፣ የገጸ ባሕርይውን መልክ የሚሥሉት፣ ቅርጹን በኮምፒዩተር የሚያወጡት፣ እንዲታጠፍና እንዲዘረጋ አጥንትና መቆጣጠሪያ የሚያበጁለት፣ ጸጉሩንና ልብሱን የሚያስተካክሉት፣ ብርሃን የሚያበሩት ሁሉ ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። በፊልሙ መጨረሻ የሚያልፈው የስም ዝርዝር ያን ያህል የሚረዝመውም በዚህ ምክንያት ነው። ለአኒሜተሩ የሚደርሰው «ሪግ» የሚባለው፣ እጆቹን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ነፍስ ያልዘራ አካል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትወና ነው፤ አኒሜተሩ ተዋናይ ነው፣ ልዩነቱ ሰከንዷን ለመተወን ቀናት የሚፈጅበት መሆኑ ብቻ ነው።

የሥራውን ቀን ላስረዳዎት። ዳይሬክተሩ ከጥቂት ሴኮንድ የማይበልጥ አንድ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚታይ ቁራጭ ትዕይንት) ይሰጣል፤ ገጸ ባሕርይው በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚደብቅ ይናገራል። የተዋናዩ ድምፅ አስቀድሞ የተቀዳ በመሆኑ አኒሜተሩ እያንዳንዱን ትንፋሽ በቃሉ እስኪይዝ ድረስ ደጋግሞ ያዳምጠዋል። ቀጥሎ ራሱን በካሜራ እየቀረጸ ትዕይንቱን በልዩ ልዩ መንገድ ይተውነዋል፤ ከዚያ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች ብቻ በሪጉ ላይ ያስቀምጣል፤ ይህ «ብሎኪንግ» ይባላል። ያልተጠናቀቀው ሥራ «ዴይሊስ» በሚባለው ስብሰባ በባልደረቦች ሁሉ ፊት በትልቅ መጋረጃ ይታያል፤ ዳይሬክተሩም «እዚህ ላይ ቀድማ ነው የምታውቀው፤ ዓይኗ ከአንገቷ ይቅደም» ዓይነት እርማት ይሰጣል። ሐሳቡ ተቀባይነት ሲያገኝ በአቋሞቹ መካከል ያለው እንቅስቃሴ ይሟላል፤ በመጨረሻ የዓይን ቆብ፣ የጣት ጫፍና የትንፋሽ ዝርዝር ይስተካከላል። አንዳንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ታሪኩ ስለተለወጠ ሾቱ ከነጭራሹ ይወጣል። ይህን መቻል ራሱ የሙያው አካል ነው፤ በሠሩት ላይ ሙጭጭ የሚሉ ሰዎች ብዙ አይቆዩም።

በትልልቅ የፊልም ስቱዲዮዎች አንድ አኒሜተር በሳምንት የሚያጠናቅቀው ከሦስት እስከ አምስት ሴኮንድ ገደማ ነው፤ በእርስዎ ስሌት 100 ምስል ግድም ማለት ነው። በአንድ ፊልም ላይ ብዙውን ጊዜ ከሃምሳ እስከ መቶ የሚደርሱ አኒሜተሮች ይሰለፋሉ፤ የአንዱ ሰው የወራት ድካም ተደምሮ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ቢሞላ ጥሩ ሠርቷል ይባላል።

ቅጥሩን ግን እንደ መንግሥት ሥራ አይቁጠሩት። አብዛኛው አኒሜተር ለድግስ እንደሚጠራ ወጥ ሠሪ ነው፤ ድግሱ ሲያበቃ ሌላ ደጋሽ ይፈልጋል። «ጡረታ እስኪደርስ የኖረበት አለ ወይ» ላሉት፣ አዎን፣ አለ። ፍራንክ ቶማስ ዲዝኒ የገባው እ.ኤ.አ. በ1934፣ ኦሊ ጆንስተን በ1935 ሲሆን ሁለቱም እስከ 1978 እዚያው ሠርተዋል። ግሌን ኪን በ1974 ገብቶ የወጣው በ2012 ነው። እነዚህ ግን የተመረጡ ሰዎች ናቸው፤ በእነርሱ ዕድሜ ሙያውን መለካት አይገባም። ዲዝኒ በፍሎሪዳ የነበረውን ስቱዲዮ በ2004 ዘግቷል። ድሪምወርክስ በሰሜን ካሊፎርኒያ የነበረውን ፒዲአይ የተባለ ቅርንጫፉን በ2015 ዘግቷል። ብሉ ስካይ፣ የራሱ ዝነኛ ፊልሞች የነበሩት ስቱዲዮ፣ በ2021 ከነጭራሹ ፈርሷል። ፒክሳር በ2024 ከሠራተኞቹ 14 በመቶ የሚሆኑትን አሰናብቷል። ሪዝም ኤንድ ሂውስ የተባለው ድርጅት ደግሞ በየካቲት 2013 የመክሰር ጥበቃ ጠይቆ በዚያው ወር ኦስካር ተሸልሟል። ሽልማት ደመወዝ አይከፍልም፤ ይህን እኛ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ደረጃው እንዲህ ነው፤ ጀማሪው ከኋላ የሚያልፈውን ሕዝብ ያንቀሳቅሳል፣ የሌሎችን ሾት ያርማል። ከዚያ የራሱ ሾት ይሰጠዋል። በጊዜ ብዛት የአንድ ገጸ ባሕርይ ኃላፊ ወይም ሱፐርቫይዘር ይሆናል፤ በዚያ ደረጃ ከመሥራት ይልቅ የሌሎችን ሥራ ማየትና ማረም ይበዛል። በሃምሳ ዓመታቸውም የሚሠሩ ባልደረቦች አሉኝ፤ የሚያስቸግራቸው ዕድሜው ሳይሆን ለዓመታት ብዕርና ማውስ የያዘ የእጅ አንጓ ሕመም ነው።

ትምህርቷን ስለማቋረጥ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ አታቋርጥ። ስቱዲዮዎች ዲግሪ አይጠይቁም፤ የሚያዩት «ዴሞ ሪል» የሚባለውን የሥራ ናሙና ነው። ዲግሪ የሚጠይቀው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ኤች 1 ቢ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ቪዛ ከሥራው ጋር የሚገናኝ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኙን ይሻል፤ ለዚያውም በዕጣ ነው። ኦ 1 የተባለው ለልዩ ተሰጥኦ የሚሰጥ ሲሆን ሽልማት፣ የታወቀ ሥራና የባለሙያዎች ምስክርነት ይፈልጋል፤ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። ስቱዲዮዎች የሚከፍቱት የተለማማጅነት በርም በአብዛኛው ለተማሪዎችና በቅርቡ ለተመረቁ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን የሚተው ሰው የሚፈልገውን በር በገዛ እጁ ይዘጋል።

ታዛቢ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ተዘልሏል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚንቀሳቀስ ምስል እያወጣ ባለበት ጊዜ በሳምንት አምስት ሴኮንድ የሚሠራ ባለሙያ የሚቀጥረው ማን ነው? አባትየው ገንዘባቸውን ይቆጥቡ፤ ልጅቷም ሶፍትዌሯን ታጥና።

የሥዕል መምህር፣ ለገጣፎ

ለታዛቢ በአጭሩ ልመልስ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ በሆሊውድ የአኒሜሽን ሠራተኞች ማኅበርም በ2024 ከስቱዲዮዎች ጋር ባደረገው ድርድር ይኸው ጉዳይ አንዱ ዋና የክርክር ነጥብ ነበር። ይሁን እንጂ ሶፍትዌር ማጥናት ከዚያ ስጋት መሸሸጊያ ነው የሚለው አያሳምነኝም፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎችም ስለዚሁ ነገር ሲጨነቁ እሰማለሁ። ደግሞም ዳይሬክተር «ዓይኗ ከአንገቷ ይቅደም» ሲል ያንን የሚረዳና ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጠያቂው። ወንድሜ፣ እኔ አኒሜተር አይደለሁም፤ አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1958 ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሬ ለረጅም ጊዜ ሥዕል ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። ከተማሪዎቼ መካከል ወደ አኒሜሽን ያዘነበሉ ስለነበሩ ነገሩን ከሥር ከሥር ተከታትዬዋለሁ። ያየሁትም ይህ ነው፤ አብዛኞቹ ወጣቶች የሚጀምሩት ሶፍትዌር በመማር ነው፤ ከዚያ የሚያንቀሳቅሱት ነገር ያጣሉ። የሚያውቁት ሌሎች የሠሩትን አኒሜሽን ብቻ ስለሆነ ሥራቸው የቅጂ ቅጂ ይሆናል።

ጀርመን ያደገው አንድሬያስ ዴያ በልጅነቱ ለዲዝኒ ደብዳቤ ጽፎ እንዴት አኒሜተር እንደሚኮን ጠይቆ ነበር። የደረሰው ምክር የእኛን ገጸ ባሕርያት አትቅዳ፣ ሰውንና እንስሳን ከሕይወት መሣል ተማር የሚል ነበር። ዴያ ምክሩን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1980 ስቱዲዮው ውስጥ ገባ፤ ስማቸው የገነነ በርካታ ክፉ ገጸ ባሕርያትን ያንቀሳቀሰውም እርሱ ነው። ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተንም በ1981 አሥራ ሁለት የአኒሜሽን መርሆዎችን በጽሑፍ ሲያስቀምጡ ከመርሆዎቹ አብዛኞቹ የሰውነትን ክብደት፣ የእንቅስቃሴን ዝግጅትና የሚከተለውን ውጤት የሚመለከቱ ነበሩ። እነዚህን ለመማር ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም።

ልጅዎ ቱሉ ዲምቱ መኖሯ ጉድለት ነው ብላ እንዳታስብ። ውሃ ወደ ላይ በማይወጣበት ቀን 20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥላ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ የምትወጣ ሴት ልብ ብላ ትመልከት። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። ጀሪካኑ ከመሬት ከመነሣቱ አስቀድሞ ክንዷ ይወጠራል፣ ጉልበቷ ይታጠፋል፤ ሲነሣ ወገቧ ወደ ሌላው ጎን ያጋድላል፣ ባዶው እጇም ሚዛን ለመጠበቅ ከጎኗ ይርቃል። በመጀመሪያው ፎቅና በአራተኛው ፎቅ አረማመዷ አንድ አይደለም፤ ታች ላይ እግሯ ደረጃውን ይረግጣል፣ ላይ ሲደርስ ግን ሰውነቷን አስቀድማ እግሯን ወደ እርሱ የምትጎትት ይመስላል። እጅ ስትቀይር የወረደው ትከሻ ወዲያው ወደ ቦታው አይመለስም። ጀሪካኑ እስከ አፉ ካልሞላ ደግሞ እርሷ ከቆመችም በኋላ ውስጡ ያለው ውሃ እየተናጠ ክንዷን ይጎትታል። እስከዚህ ድረስ ክብደት ነው። አሁን አንድ አረጋዊ ጎረቤት ከላይ ይውረዱ። ሴትዮዋ ጀሪካኑን ሳታስቀምጥ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ መንገድ ትለቃለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ እጅ ትነሣለች፣ የድካሟንም ፊት ለአፍታ ትሸሽጋለች። ያች አፍታ ትወና ናት። ይህን በአምስት ሴኮንድ ውስጥ በትክክል ያሳየ ሰው የትም አገር ሥራ ፈላጊ ሆኖ መቅረብ ይችላል።

ስለዚህ በየቀኑ ትሣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የሚንቀሳቀስ ሰው በፍጥነት መንደፍ ትልመድ። በኮምፒዩተር ዘመን ሥዕል አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም።

ሴት ልጅ በመሆኗም አትስጋ። እርግጥ ነው በድሮው ዘመን በሩ ጠባብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ዲዝኒ ለአንዲት አመልካች በጻፈው ደብዳቤ ሴቶች የፈጠራውን ሥራ እንደማይሠሩ፣ የሚመደቡትም የወንዶቹን ሥዕል በቀለም በማውጣት ላይ እንደሆነ ገልጾላት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ሬታ ስኮት በ1942 ለወጣው ፊልም አዳኝ ውሾችን በሚያስፈራ ኃይል አንቀሳቅሳ በዚያ ስቱዲዮ በአኒሜተርነት ስሟ የተመዘገበ የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ሰሚት ያለ አኒሜተር

ከመምህሩ ጋር በአንድ ነጥብ አልስማማም። ጥሩ መሣል የማይችሉ፣ ነገር ግን በሦስት አውታር (3ዲ) አኒሜሽን እጅግ የበቁ ሰዎች አውቃለሁ። ማየት ግዴታ ነው፤ መሣል የማየት አንዱ መንገድ ነው፤ ሌላው ራስን ቀርጾ ማጥናት ነው። የቀረውን ሁሉ እፈርምበታለሁ።

እኔ የምሠራው እዚሁ አዲስ አበባ ለማስታወቂያና ለልጆች ዝግጅቶች ነው። ጋሼ ስለ ኮምፒዩተሩ ላነሡት መልስ የሚሰጥ ስላላየሁ ልጻፍ፤ ገንዘብዎን ይያዙ። ውድ ኮምፒዩተር የሚፈልገው የመጨረሻውን ምስል ከነብርሃኑና ከነጥላው የሚያወጣው ሬንደሪንግ ነው፤ እርሱም የአኒሜተር ሥራ አይደለም። አኒሜተር የሚያቀርበው ብርሃንና ቀለም የሌለበትን፣ ግራጫውን ሪግ እንዳለ የሚያሳይ ቅጂ ነው፤ ቀጣሪዎችም በዚህ አይከፉም። ለዚህ ያገለገለ ግን ደህና ላፕቶፕ ይበቃል። በእኛ ሰፈር ሁኔታ እንዲያውም ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይመረጣል፤ መብራት ሲሄድ ባትሪው ሥራዋን ለማስቀመጥ ጊዜ ይሰጣታል። የተቀመጠውን ገንዘብ በዳታና በመጠባበቂያ ሃርድ ዲስክ ላይ ብታውሉት የተሻለ ነው።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ ብሌንደር በነፃ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። በትልልቆቹ ስቱዲዮዎች የሚዘወተረው ማያ ነው፤ ፒክሳርና ድሪምወርክስ ደግሞ ለራሳቸው የሠሯቸው መሣሪያዎች አሏቸው። ማያ በገንዘብ ሲገዛ ውድ ቢሆንም ተማሪነቱን ላረጋገጠ ሰው በነፃ ይሰጣል፤ ይህም ዩኒቨርሲቲውን ላለመተው ሌላ ምክንያት ነው። በየትኛውም ትጀምር፣ አንዱን ያወቀ ሌላውን ለመልመድ ወራት አይፈጅበትም። ልምምድ የሚሠራባቸው ሪጎችም በነፃ በኢንተርኔት ይገኛሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችሁም አልፋችሁታል። ልጅቷ የሶፍትዌር ተማሪ ናት። ሪግ የሚሠሩት፣ ለአኒሜተሮች መሣሪያ የሚጽፉት ሰዎች ፕሮግራም የሚያውቁ ናቸው፤ ማያም ሆነ ብሌንደር ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይታዘዛሉ። እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ የሚገባው ፕሮግራም ጸሐፊ በየስቱዲዮው ይፈለጋል፤ ከአኒሜተሩ ይልቅ የእርሱ ወንበር የሚረጋበት ጊዜም አለ። አሁን የምትማረውን እንደ ጠላት ባታየው መልካም ነው።

ዲዝኒና ፒክሳርን ብቻ ማለሙም አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ2025 በረጅም አኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር ያገኘው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በዚያው በነፃው በብሌንደር ነው። ኬፕታውን ያለው ትሪገርፊሽ ከአፍሪካ ምድር ረጃጅም ፊልሞችን አውጥቷል፤ ኩጋሊ የተባለው በአፍሪካውያን የተመሠረተ ድርጅትም ከዲዝኒ ጋር በመተባበር ሌጎስን መቼቱ ያደረገ ተከታታይ ሥራ በ2024 አቅርቧል። በአገራችንም ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ»ን በአኒሜሽን ሠርቷል። ገበያው እዚህ ትንሽ ነው፤ ክፍያውም ይዘገያል፣ ደንበኛው የሳምንት ሥራ በሁለት ቀን ይጠብቃል። ቢሆንም ለሰው ሠርቶ ማስረከብን፣ እርማት መቀበልንና ቀን መጠበቅን የምትማረው በዚህ ነው። በዶላር የሚከፈልባቸው የኢንተርኔት ትምህርት ቤቶች መልካም ቢሆኑም ከመክፈያው ችግር በተጨማሪ ዋጋቸው ለአንድ ደመወዝተኛ አባት ከባድ ስለሆነ ወደዚያ አትቸኩሉ።

የቱሉ ዲምቱ አባት (ጠያቂ)

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። የጠበቅሁት አዎን ወይም አይደለም የሚል መልስ ነበር፤ ያገኘሁት ከዚያ ይበልጣል። የዴስክቶፑን ነገር ትተን ያገለገለ ላፕቶፕ ለማፈላለግ ተስማምተናል። ሌላው ገና እየተነጋገርንበት ነው። ልጄ ራሷ ልትጠይቅ የምትፈልገው ስላላት ከዚህ በታች ያለው የእርሷ ነው።

ሰላም፤ ልጅቱ እኔ ነኝ። ትምህርቱን ስለማቋረጥ ከአባቴ ጋር ገና አልተስማማንም፤ ስለዚያ አልጠይቅም። ጥያቄዬ ስለ ዴሞ ሪሉ ነው። ገጸ ባሕርይዋ የምትናገርበት አንድ ሾት መሥራት እፈልጋለሁ፤ የማገኛቸው የልምምድ ድምፆች ሁሉ ከእንግሊዝኛ ፊልሞች የተቆረጡ ናቸው። በአማርኛ ብሠራው፣ ለምሳሌ አያቴን ቀርጬ ድምጿን ብጠቀም፣ ቋንቋውን የማይሰማ ቀጣሪ ይጥለዋል? ደግሞም አያቴ እሺታዋን የምትገልጸው ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ ቅንድቧን በማንሣት ነው፤ እዚህ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ግን የደነገጠች ይመስላቸው ይሆን ብዬ ሠጋሁ።

ከአስኮ እስከ ቫንኩቨር

እህቴ፣ በአማርኛ ሥሪው። ቀጣሪዎች ከታወቁ ፊልሞች የተቆረጠ አንድ ዓይነት ድምፅ በየሪሉ ሲሰሙ ይውላሉ፤ ሰምተውት የማያውቁት የአያትሽ ድምፅ ቢያንስ ጆሯቸውን ያነቃዋል። ቋንቋውን አለማወቃቸው አይጎዳሽም፤ እንዲያውም ቃሉ ስለማይረዳሽ ትወናው ብቻውን መቆም አለበት። በመጀመሪያ ግን አያትሽን አስፈቅጂያቸው፤ ስትቀርጪያቸውም ጽሑፍ አታስነብቢያቸው፣ አንድ ያናደዳቸውን ነገር ጠይቀሽ ይናገሩ። ከንግግሩ ውስጥ ስሜቱ አንድ ጊዜ የሚለወጥበትን፣ ለምሳሌ ከቁጣ ወደ ሣቅ የሚያልፍበትን፣ ከአሥር ሴኮንድ የማይበልጥ ቁራጭ ምረጪ።

በከንፈር ላይ ጀማሪዎች የሚበዛባቸው ስሕተት ለእያንዳንዱ ፊደል አፍ መክፈትና መዝጋት ነው። በአማርኛ ከንፈር የሚገጥመው በ«መ»፣ በ«በ»፣ በ«ፐ»ና በ«ጰ» ነው፤ ይህ መግጠም ቢያንስ ለሁለት ፍሬም (ለሁለት ምስል) ካልቆየ ዓይን አይዘውም። በ«ፈ» የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። በካዕብና በሳብዕ፣ እንዲሁም በ«ቋ»ና በ«ጓ» ከንፈሩ ይከባል። «ከ»ና «ቀ»፣ «ተ»ና «ጠ» በጆሮ ቢለያዩም በከንፈር ላይ አይለያዩም፤ ስለዚህ በእነርሱ አትድከሚ፤ ለጠንካራዎቹ ድምፆች አገጩን ወይም አንገቱን በትንሹ ብታጠብቂው ይበቃል። የአፉ ቅርጽ ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቢቀድም የተሻለ የተገጣጠመ ይመስላል። አፉን ግን በመጨረሻ ሥሪው፤ አካሉና ዓይኑ ያለ አፍ ካልተናገሩ አፉ አያድናቸውም።

ስለ እሺታው ትንፋሽ፣ አታውጪው። እኔ በዴይሊስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ባቀርብ «ይህን ከየት አመጣኸው» ተብዬ እንደምጠየቅ እርግጠኛ ነኝ፤ ያ ደግሞ ለአኒሜተር ጥሩ ጥያቄ ነው። ድንጋጤ እንዳይመስል ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ከትንፋሹ በፊት የሚጠየቁት ነገር መኖሩ ይታይ፤ ሰውየው ይመለከታቸዋል፣ እርሳቸው አንድ አፍታ ያስባሉ፣ ከዚያ ይስባሉ። ሁለተኛ፣ የደነገጠ ሰው ትከሻው ይነሣል፣ ጀርባው ይደርቃል፣ ዓይኑም ወደ ነገሩ ይተከላል፤ የአያትሽ ትከሻ ግን ሳይነሣ፣ ቅንድባቸው ብቻ ከፍ ብሎ፣ የዓይን ቆባቸው ቀስ ብሎ ይውረድ። ይህን ከሠራሽው ትርጉሙን ማንም ያገኘዋል። የባህል ማሳያ እንዲሆን ብለሽ ግን አትጨምሪው፤ እርሳቸው የሚያደርጉት ከሆነ ይኑር፣ ካልሆነ ይቅር።

ሪሉን ከአንድ ደቂቃ አታስረዝሚው። ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ ሾት በቂ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለውን መጀመሪያ አድርጊ፤ የምትጠራጠሪበትን ለማብዛት ብለሽ አታስገቢ፤ የሚመዘነው በደካማው ነው። ሪጉን ሌላ ሰው ሠርቶት ከሆነ ስሙን ጻፊ፤ ከሌሎች ጋር የሠራሽው ሾት ካለም ያንቺ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ለይተሽ አሳውቂ። ስምሽና ኢሜይልሽ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ይቀመጥ። ማስፈንጠሪያው ያለ ምዝገባ የሚከፈት ይሁን፤ የሚያየው ሰው ከፊቱ ሌላ ብዙ ስላለው በር አያንኳኳም። መምህሩ የነገሩሽን የጀሪካኗን ሾት ደግሞ ከአያትሽ በፊት ጀምሪው፤ ንግግር ስለሌለው ይቀልሻል። ብሎኪንጉን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፤ እስክታስተካክዪው ድረስ አትቆዪ፣ እርማት የሚቀለው ገና ሻካራ ሳለ ነው።